የሳሌሃ ሦስት ትራሶች

ዓለምዘውድ ወደ ጣቢያችን የገባችው በአንድ እግሯ ሸራ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ፔንሲዮን ያላት፣ በደህናው ቀን ሽቶ ሳትነሰንስ ከደጅ የማትወጣ ሴት ናት።

«ኢንስፔክተር ባዩ፣ ሰው ታርዶብኛል!» አለችና ወንበሬ ላይ ዘፍ አለች። የኔው ወንበር ላይ። ተነስቼ ቆምኩ እንጂ ምን እላለሁ።

ጊዜው የሁለት ሺህ አንድ ኅዳር ማብቂያ ነው። አረፋ ደርሷል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ ጣሪያው ላይ ፍራሽና ጀሪካን ጭኖ ሲገባ ነው የሚውለው። ያን ሰሞን በሬ ይጠፋል፣ ኪስ ይወልቃል፣ ዘመድ ከዘመድ ይጣላል። ሰው ታርዶ ግን አያውቅም።

ሳጅን ፈትሂያን ይዤ ሄድኩ። ፈትሂያ የመስቃን ልጅ ናት። ዓይኗ ፈጣን፣ ምላሷ ምላጭ። እኔ የሶዶ ሰው ነኝና ቆሜ ማሰብ እወዳለሁ፤ እሷ ደግሞ ቆሞ የሚያስብ ሰው አትወድም።

ክፍሉ ውስጥ ሬሳ የለም። ደም ግን አለ። አልጋው ላይ ሦስት ትራስ ተደራርቦ የላይኛው ቀልቷል። ወለሉ ላይ በደም የተበከለ ነጭ ሻሽ ተጥሏል፤ አጠገቡ ቀይ ውሃ ያቆረ ሳህን። መስገጃ ምንጣፍ ተዘርግቶ እሱም ላይ ደም ተንጠባጥቧል። የግድግዳው መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተሰቅሏል።

«መስታወቱን አንቺ ነሽ ያዞርሽው?» አልኳት ዓለምዘውድን።

«እኔ ምን በወጣኝ!»

«እንግዳዋ ማን ናት?»

«ሳሚራ ነኝ፣ ከወራቤ መጣሁ ነው ያለችኝ። ኒቃቧን ከፊቷ አንስታ አታውቅም። ከአጥሚትና ከሾርባ በቀር ምግብ አልጠየቀችኝም። ትራስ ግን በየቀኑ ጨምሪልኝ ትላለች። ዛሬ በማለዳ ልጠይቃት ብመጣ በሩ ገርበብ ብሏል። የኔ ድሃ! በስግደት ላይ ሳለች ነው የመቷት።»

ፈትሂያ ከመስገጃው ጎን ተንበርክካ አንዲት ነገር በጥፍሯ አነሳች። ጥቁር ቀጭን ክር ናት፣ እንደ ቅንድብ ፀጉር የምታጥር፣ መሐሏ ላይ ቋጠሮ ያላት። ወረቀት ላይ አስቀመጠቻት። ከአልጋው ሥር ደግሞ የተዘጋ ሞባይል አገኘን። ከፈትኩት። ጥሪ ያልተመለሰለት አንድ ስም ብቻ ተደርድሯል፦ ከድሮ፣ ከድሮ፣ ከድሮ።

ደወልኩ። ገና ሳልናገር «ሳሌሃ! በአላህ፣ የት ጠፋሽ?» አለ የወንድ ድምፅ።

ሳሚራ የምትባል ሴት የለችም ማለት ነው። ደሙ የሳሌሃ ነው።

*

ከድሮ ወዲያው ከተፍ አለ። መርካቶ ጨርቅ የሚነግድ፣ ለአረፋ አገሩ የገባ፣ አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ቀጭን ሰው ነው። ፂሙ ከሥሩ ነጭ፣ ከጫፉ ጥቁር። በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቢላ ነው፣ ጌታዬ። ሦስት። አስስዬ ስመለስ ነው የደወሉልኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ! ሚስቱ ደም በደም ሆና ጠፍታ ሰውየው ሦስት የተሳለ ቢላ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። እውነቱን ለመናገር በአረፋ ሰሞን ቡታጅራ ውስጥ ቢላ ያልያዘ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። አለቃዬ ግን በመስኮት አይቶት ኖሮ ዓይኑ በራ።

«ባለቤትዎ የት ናቸው፣ አቶ ከድሮ?»

«ወልቂጤ። ልጃችን ሰልሚያ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች።»

ወልቂጤ ደወልን። ሰልሚያ «እማዬ? ከወለድኩ ሰሞን ወዲህ አልመጣችም» አለች፤ ወዲያው ድምፅዋ ተሰበረ። «ምን ሆነች? ንገሩኝ እንጂ!»

ከድሮን ዞሬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። «ወልቂጤ ነኝ ብላኛለች፤ ስልኳም ሲዘጋብኝ ኔትወርክ ነው ብዬ…» አለና ቆመ።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤት። በሬዎቹ ጋ።»

«ማን አይቶዎታል?»

«በሬዎቹ።»

አለቃዬ የቢፒአር ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ ነገር ሁሉ እንዲያጥርለት የሚፈልግ ሰው ሆኗል። «ደም አለ፣ ቢላ አለ፣ የዋሸ ባል አለ። ምን ቀረህ?» አለኝ።

«ሬሳ።»

«እሱን ፈልግ። ከበዓሉ በፊት ግን ሰውየው በነፍስ ግድያ ይከሰሳል።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

ከተማውም ፈረደ። እስከ ምሳ ሰዓት የማላውቀውን ሁሉ ነገሩኝ። ሳሌሃ የከድሮ ታላቅ ወንድም ሚስት ነበረች። ወንድምየው ሲሞት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እንደ ድሮው ወግ፣ መበለቷን ለወንድም አወረሰ። ያኔ ከድሮ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ እሷ የስምንት ዓመት ታላቁ። «ከመሬቱ ጋር ነው የወረሳት፤ መች ወዶ አገባትና!» አለኝ አንዱ ባለሱቅ። «አሁን ገንዘብ አገኘ፣ ወጣት አማረው፣ ገላገላት።»

ሰልሚያ ሕፃኗን አቅፋ ከወልቂጤ ደረሰች። አባቷ በእስር ቤቱ ፍርግርግ በኩል «ልጄ!» ብሎ ቢጠራት ፊቷን አዞረችበት። ከዘመዱም አንድ ሰው ሰላም ያለው የለም።

አንዲት ሴት ብቻ መጣች፦ ዘይባ፣ የሳሌሃ የልብ ጓደኛ። ቆጮ፣ አይብና ጎመን በሰፌድ ሸፍና አምጥታ «ለከድሮ ስጡልኝ፣ ሰውነቱ እንዳይጎዳ» አለች። ዓይኗ ደርቋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲሉ ሰምቻለሁ። የዚህችኛዋ እንባ የት ሄደ አልኩ በልቤ፤ ቆጮው ሲሸተኝ ግን ነገሩን ተውኩት። ረሃብ መጥፎ ነው።

*

ከሰዓት ከድሮ ዘንድ ገባሁ። ምግቡን አልነካውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ጌታዬ» አለኝ። «ደሙ ብዙ ነው?»

«ፂምዎ ለምን ሁለት መልክ ሆነ?» አልኩት መልሼ። ነገር ሲከብደኝ እንዲህ ወደ ሌላ እዘላለሁ።

ጎንበስ ብሎ ፂሙን ዳሰሰ። «ቀለም እቀባ ነበር። ተውኩት።»

«መቼ?»

«ሰልሚያ የወለደች ቀን። ሳሌሃ ልጇ እያማጠች ስለሆነ ከበሩ አልላቀቅ አለች። አንዲት ነርስ መጣችና ‹አባቴ፣ እናትዎን ወደ ውጭ ይውሰዱልን› አለችኝ። እናትዎን! ሳሌሃ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና ወጣች። እስከ ቡታጅራ ድረስ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም።» «ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ጣልኩት። ቶሎ ብሸብት እደርስባታለሁ ብዬ። ዳግመኛ ማንም እንዳይላት ብዬ።»

አሥራ ምናምን ዓመት ፖሊስ ሆኛለሁ፤ ሚስቱን የገደለ ሰው አይቻለሁ። ሚስቱን ለመምሰል ለማርጀት የቸኮለ ሰው ግን አላየሁም። የሰውየውን ትከሻ ቸብ አድርጌ ወጣሁ፤ ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ነበር።

ፈትሂያ መስገጃውንና ሻሹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች።

«ጋሼ ባዩ፣ ሱጁድ ላይ ያለች ሴት ከኋላ ብትመታ ደሙ ወዴት ነው የሚፈሰው?»

«ወደ ግንባሯ።»

«ግንባር የሚያርፍበት ቦታ ይኸው፣ ንጹህ ነው። ደሙ ያለው በግራና በቀኙ ነው፤ ግራው ይበዛል። የረጨ ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ነው የተንጠባጠበ። ሻሹን ደግሞ ይዩት።» ራሷ ላይ እንደሚታሰረው አጠፈችው። ሁለቱ የደም እድፎች ሁለቱ ጆሮዎቿ ላይ ልክ ገጠሙ።

«ሁለቱን ጆሮ ቆርጧት ነው እንዴ!»

«ጋሼ ደግሞ! ጆሮ የተቆረጠች ሴት ትራስ ጨምሪልኝ፣ አጥሚት ስጪኝ እያለች ትቀመጣለች? ይቺን ክር ሐኪም እናሳይ።»

*

ዶክተር ሲፈን ገና ከትምህርት የወጣች ወጣት ሐኪም ናት። ክሯን ብርሃን ላይ አየቻት። «የቀዶ ጥገና ክር ነው። ጥሩ እጅ ነው የሰፋው። በጥፍር መቁረጫ ነው መሰል የተቆረጠው፤ ስፌቱ ሲወጥራት ራሷ ቆርጣዋለች።»

የትራሱን ነገር፣ ሾርባውን፣ የዞረውን መስታወት ነገርናት። ሻሹን ፈትሂያ ዳግም አጥፋ አሳየቻት። ሐኪሟ ፈገግ አለች።

«ሴትየዋ ፊቷን አስወጥራ ነው።»

«ምን አስደርጋ?»

«የፊት ቆዳ ማጥበቅ ቀዶ ጥገና። ከጆሮ ፊት ለፊት ይቀድዱና ዞረው ከጆሮ ኋላ ፀጉር ውስጥ ይገባሉ፤ ጠባሳው እንዲደበቅ። ቆዳውን ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ያለውንም አንስተው ይሰፉታል። ከዚያ ፊቱ ያብጣል፣ ይበልዛል፤ ሁለት ሳምንት ሰው ፊት አያስወጣም። ጉንጭ ይደነዝዛል፣ ማኘክ ያስቸግራል። ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው፣ በረዶ መያዝ ነው። አስፕሪን ክልክል፣ ጎንበስ ማለት ክልክል።»

«ለምንድን ነው ግን ሰው ጤነኛ ፊቱን የሚያስቀድደው?»

«እርስዎስ ለምን ፂምዎን ይላጫሉ?»

ፈትሂያ ሳቋን ለመደበቅ አሳለች።

«ተመልሶም ማርጀት አይቀርም» አለች ሐኪሟ፤ «ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሳል እንጂ ሰዓቱን አያቆመውም። ግን ቀዶ ጥገና ቀዶ ጥገና ነው።» ፈገግታዋ ጠፋ። «ይሄን ያህል ከደማች ደሙ ከቆዳው ሥር ተጠራቅሟል ማለት ነው። በአንድ ጎን ጠንክሮ ያብጣል፣ ያማታል። ቶሎ ከፍተን ካላወጣነው የጉንጯ ቆዳ ይሞታል፤ ኢንፌክሽን ከገባም ለሕይወቷ ያሰጋል። የሠራት ሐኪም የት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው እሷን ፈልጉ። አሁኑኑ።»

መንገድ ላይ ቆምኩ። ፈትሂያ እጄን ጎተተች። «ምን ቆሙ?»

«በረዶ» አልኳት። «በኅዳር ብርድ ቡታጅራ ውስጥ በረዶ የሚገዛ ማን ነው?»

ከተማው ውስጥ በረዶ የሚሠራ ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለው የራምዚ ጁስ ቤት ብቻ ነው። ራምዚ አቮካዶ እየላጠ ሳቀ። «በዚህ ብርድ? ጁስ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ስጠን ነው የሚሉኝ። እትዬ ዘይባ ብቻ ናት የምትወስደው፣ በፌስታል። ጥርሷን አሟታል አሉ።»

«መጨረሻ የወሰደችው መቼ ነው?»

«አሁን፣ ከምሳ በኋላ።»

ፈትሂያና እኔ ተያየን። የሞተ ሰው በረዶ አይፈልግም። ለገዳይ ቆጮ የሚያመላልስ የሟች ጓደኛም የለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ ሳልቸኩልም አፍስሼ ነበር።

*

የሴቶች አረፋ ከዋናው በዓል ቀድሞ ነው የሚውለው፤ ያ ቀን ዛሬ ነበር። የዘይባ ግቢ በሴት ተሞልቷል። አንዷ ጎመን ትከትፋለች፣ አንዷ ቅቤ ታነጥራለች፣ ሌሎቹ ሰልሚያን ከበው ስለ ሳሌሃ እየተላቀሱ ነው። ዘይባ እኛን ስታይ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

ወደ ጓሮ ጠራኋት። «እትዬ ዘይባ፣ ጥርስዎ ተሻለዎት?»

«አልሐምዱሊላህ…»

«ከድሮ በነፍስ ግድያ ሊከሰስ ነው። ያውቃሉ?»

እንባዋ አሁን ወረደ። «ቃል አስገብታኝ ነው! ሌሊት ስትደማ ከፔንሲዮኑ ወደዚህ አመጣኋት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ሁሉም ያውቀኛል፣ ሞቴ ይሻላል አለች። የባሏን መታሰርም አልነገርኳት፤ ብትደነግጥ ደሟ ይብሳል ብዬ። ምን ላድርግ፣ ኢንስፔክተር? በየት በኩል ልሙት?»

የግቢው ለቅሶ የማይደርስበትን የኋላ ክፍል ከፈተች። ሳሌሃ አልጋ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ሰማያዊና ቢጫ ሆኗል፤ ግራ ጉንጯ ጠጥሮ አብጦ ዓይኗን ዘግቶታል። እኛን ስታይ ኒቃቧን ለመሳብ ተጣደፈች።

ፈትሂያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አሰላሙ አለይኪ፣ እትዬ ሳሌሃ። ማን ነው የሠራሽ?»

«አዲስ አበባ ነው፤ ከውጭ ለሳምንት የመጣ ሐኪም። ሠርቶኝ በማግሥቱ በረረ። ስልኩ አይነሳም።» ድምፅዋ በጥርሷ መሐል ነው የሚወጣው። «ለአረፋ ይድናል ብዬ ነበር። አረፋን ካመለጥኩ ደግሞ ምን እላለሁ? የቤቱ ታላቅ ሴት እኔ ነኝ።»

ሠርቶ በማግሥቱ የሚበር ሐኪም! ቤት ሠሪ እንኳ ጣሪያው እስኪፈስ ይቆያል። ቆዳዬን ከመስጠቴ በፊት ማን ክሩን እንደሚያወጣልኝ እጠይቅ ነበር።

«አስፕሪን ወስደሻል?» አለች ፈትሂያ።

«አልወሰድኩም። ያለኝን ሁሉ ጠብቄያለሁ። ብቻ…» አንገቷን ልትደፋ ስትል አመማት። «አትጎንበሺ ብሎኛል። ሕመምተኛ ተቀምጦ መስገድ ይችላል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሕመሙን በገዛ እጄ የገዛሁት ነው። በምን አፌ ታምሜ ነው ብዬ ጌታዬ ፊት ልቀመጥ? መጀመሪያ ተቀምጬ ሰገድኩ፤ ሕሊናዬ እምቢ አለ። ትናንት ሱጁድ ወረድኩ። ያኔ ጆሮዬ ሥር ሞቀኝ።»

ፈትሂያ እጇን ያዘቻት። «አላህ ያውቃል፣ እትዬ። እሱ አይጠፋውም።»

«ሆስፒታል እንሂድ» አልኩ።

«አልሄድም! ከድሮ ይሰማል።»

«አቶ ከድሮ ታስረዋል።»

ደህናዋ ዓይኗ ተበለጠጠ። «ከድሮ? እሱ ዝንብ አይገድልም! ምን አደረገ?»

«ሰው ገድለሃል ተብለው።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሳሌሃ ከአልጋው ወረደች። ኒቃቧ አልጋው ላይ ቀረ። ያንን ለሳምንት ከሰው የሸሸገችውን ፊት ይዛ፣ ሴት ወደ ሞላው ግቢ ወጣች። ጎመን የሚከተፍበት ድምፅ ቆመ። አንዷ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብላ ጮኸች፤ ሰልሚያ ሕፃኗን ለጎረቤት ወርውራ ተንደረደረች።

«አልሞትኩም!» አለች ሳሌሃ በዚያ ባበጠ አፏ። «ፊቴን አስወጥሬ ነው። አዎ፣ እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሳቁ ከፈለጋችሁ። ባሌን ግን አስፈቱልኝ!»

አንዲትም ሴት አልሳቀችም። የዘይባ አማት ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት፤ ሌላዋ «ባጃጅ ጥሩ!» አለች።

*

ዶክተር ሲፈን ስፌቱን ከፍታ የተጠራቀመውን ደም አወጣች፣ መልሳ ሰፋች። «ቆዳው ተርፏል» አለች ስትወጣ። «ትንሽ ብትዘገዩ ግን አይተርፍም ነበር። አደራ፣ አታናግሯት፣ አታስቋት።»

ጣቢያ ደውዬ ሟች መገኘቷን፣ ደህና መሆኗንም ነገርኩ። አለቃዬ «መዝገቡ ተዘጋ?» ብቻ አለ። ተዘጋ አልኩት። እጅግ ደስ አለው፤ ሰውየው መጥፎ አይደለም።

ከድሮ እየሮጠ መጣ። ከሳሌሃ አልጋ ፊት ለፊት መጋረጃ አለ፤ እሱ ሊገልጠው ሲል ከውስጥ «እንዳትገባ!» አለች።

ቆመ። እኔም መሄድ ሲገባኝ ቆምኩ። ፈትሂያም ቆመች፣ እሷ እንኳ አላጉረመረመችም።

«ለምን አደረግሽው?» አለ ለመጋረጃው።

«ታውቃለህ ለምን። እናትህ ነው የመሰልኳት።»

«አንዲት ያልበሰለች ልጅ ተናገረች ብለሽ!»

«እሷ አይደለችም» አለች ሳሌሃ ቀስ ብላ። «ሽማግሌ ነው ለአንተ የሰጠኝ። አንተ አልመረጥከኝም። አንድ ቀን እንኳ የተመረጠች ሴት ፊት ይኑረኝ ብዬ ነው።»

ከድሮ መጋረጃውን ጨምድዶ ያዘ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሳሌሃ፣ ሽማግሌዎቹ ለእኔ አልሰጡሽም ነበር። ለመሐለኛው ወንድማችን ለሙሀመድአወል ነው የወሰኑሽ። እኔን ማን ቆጥሮኝ፣ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ውሪ! ሄጄ የትልቁ ሽማግሌ ደጅ ላይ ተኛሁ። ሂድ ቢሉኝ እምቢ። በኋላ ‹ሳሌሃን ለእኔ ካላደረጋችሁ አዲስ አበባ ሄጄ ሊስትሮ እሆናለሁ፤ ለአረፋም አልመጣም› አልኳቸው።»

ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ለአረፋ አልመጣም አልካቸው?»

«ዕድሜ ልኬን!»

«ለሽማግሌዎቹ?»

«ሰውየው ደንግጦ ከዘራው ወደቀ። ‹ይሄ ልጅ አብዷል፣ በሉ ስጡት› አለ። ሽማግሌ የጨረሰውን እኔ ለምኜ ነው ማለት ነውር ነውና አፌን ያዝኩ። ደግሞ የምታውቂ መስሎኝ ነበር። እንዴት አታውቂም? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይሽ ውዬ ሳይሽ እያደርኩ!»

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ለቅሶ መስሎኝ ነበር። ዶክተር ሲፈን ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠች መጥታ መጋረጃውን ገለጠችው፦ ሳሌሃ ሁለት ጉንጯን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ እንባዋ በፋሻው ላይ እየወረደ፣ ትስቃለች።

«አትሳቂ! ስፌቱ!» አለች ሐኪሟ።

«አልቻልኩም» አለች ሳሌሃ። «ግባ፣ አንተ እብድ። ግባና እየኝ።»